ነጩ አይሙትብህ፥ ጥቁሩም አይዋረድብህ

ይህ ንባብ ከብራና የተገኘ አይደለም። ፎቶ አንሺዎች በሥራ ላይ ሳሉ እርስ በርስ የሚመካከሩበትን ቃል ለቅሜ በአራት ዐረፍተ ነገር ያሰርሁት ነው። አፈታቱን ግን በመጻሕፍት ጉባኤ ወግ አደረግሁት፤ የብርሃን ልክ በአንድ ፍቺ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ «አንድም» የሚለውን ቃል ይፈልጋል። አንዱን ፍቺ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው በጥምቀት ዕለት እናቱን ሲያነሣ ወይ ነጠላዋን ያጠፋዋል፥ ወይ ፊቷን ያጨልመዋል። ንባቡ እንዲህ ይላል፦

«ብርሃንን ስፈር፥ መስፈሪያውንም ዳኝ። በስፋትና በጊዜ ተቀበል፥ ያልተቀበልኸውን አታጉላ። ነጩ አይሙትብህ፥ ጥቁሩም አይዋረድብህ። ፊትን አስቀድም፥ ቀሪውን ኋላ እጠብ።»

«ብርሃንን ስፈር» አለ።

ካሜራው ውስጥ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ ገጽ አለ፤ በእርሱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ልክ ይኑረው፥ አይብዛ፥ አይነስ ማለቱ ነው። ኤክስፖዠር የሚባለው ይኸው ነው። አንድም ቁልፉን ከመጫንህ በፊት ተመልከት፤ ብርሃኑ ከወዴት እንደመጣ፥ በምን ላይ እንዳረፈ፥ ምንን ጥሎ እንዳለፈ ለይ ሲል ነው። አንድም ብርሃን ሁለት ነው፤ በነገሩ ላይ የሚያርፍ አለ፥ ከነገሩ ተመልሶ ወደ ሌንሱ የሚገባ አለ፤ የትኛውን እንደምትሰፍር እወቅ ሲል ነው። በእጅ የሚያዘው መስፈሪያ ነጭ ጉልላቱን ወደ ካሜራው አዙሮ በሰውዬው አገጭ ሥር ሲያዝ የሚያርፈውን ይሰፍራል፤ ሰውዬው ነጭ ይልበስ ጥቁር ይልበስ ልኬቱ አይለወጥም። በካሜራው ውስጥ የተሠራው መስፈሪያ ግን የሚያየው ተመልሶ የመጣውን ብቻ ነው።

«መስፈሪያውንም ዳኝ» ማለቱ ስለዚህ ነው።

መስፈሪያ ይዳኛል ወይ ቢሉ፤ የሰፈረውን ነገር የማያውቅ መስፈሪያ ይዳኛል። ሐተታ። የካሜራ መስፈሪያ ፊቱ የተደቀነው ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይነሣል። ይህን ግራጫ የፎቶ መጻሕፍት ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ነው ይሉታል። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ግን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይመልሳል፤ ጥቁር ከፈይ የሚመልሰው ከጥቂት መቶኛ አያልፍም። መስፈሪያው ሁለቱንም አማካይ ናችሁ ይላቸዋል። በነጠላና በጋቢ የተሞላ የጥምቀት ሰልፍ ቢደቅኑበት ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይለብሳል፥ ፊቶቹም አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ። በጧፍ የበራ ሌሊት ቢደቅኑበት ብርሃን ያነሰ መስሎት ይጨምራል፤ ሌሊቱ ይነጋል፥ የጧፉም ነበልባል ቀለሙን አጥቶ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ዳኝነቱ፥ ነጭ ሲበዛ ጨምር፥ ጥቁር ሲበዛ ቀንስ የሚል ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ነጭ ባየ ቁጥር ይቀንሳልና። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የታተመበት ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ዳኝነት ነው። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ከ1 እስከ 1.7 ስቶፕ መጨመር የተለመደ ነው። ስቶፕ ማለት እጥፍ ወይም ግማሽ ነው፤ አንድ ስቶፕ ጨመርሁ ያለ ሰው ብርሃኑን እጥፍ አደረገ፥ ሁለት ያለ አራት እጥፍ አደረገ።

አንድም «ዳኝ» ማለቱ መስፈሪያው የት እንደሚያይ አንተ ወስንለት ሲል ነው። ፍሬሙን በሙሉ የሚያመዛዝን አለ፥ ለመካከሉ የሚያደላ አለ፥ አንዲት ነጥብ ብቻ የሚያይ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ኒኮን ኤፍኤ የተባለው ካሜራ ፍሬሙን በአምስት ክፍል ከፍሎ ማመዛዘን ከጀመረ ወዲህ መስፈሪያዎች እየረቀቁ ሄደዋል፤ የዛሬዎቹ ፊት ለይተው ያውቃሉ። ቢሆንም ከተሰበሰቡት ፊቶች መካከል የትኛውን ፈልገህ እንደመጣህ አያውቁም።

አንድም መስፈሪያ ባይኖርህ በዕውቀት ስፈር ሲል ነው። ታሪክ። አንሰል አዳምስ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ ግዛት ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር በኩል ሲያልፍ ጨረቃ ወጥታ፥ የመቃብሩ ነጫጭ መስቀሎች በመጨረሻዋ የፀሐይ ጨረር በርተው አየ። መኪናውን አቁሞ ትልቁን ካሜራውን ተከለ፤ የብርሃን መስፈሪያውን ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ሆኖም የጨረቃን ገጽ ብርሃን ያውቀው ነበር፤ በአንድ ካሬ ጫማ 250 ካንድል ነው። ከዚያ ተነሥቶ አሰላና የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 32 አድርጎ አንድ ሰከንድ ሰጠው። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ፀሐይዋ ከመስቀሎቹ ላይ ተነሣች። ይህ ሰው ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ ጥላንና ብርሃንን ከ0 እስከ 10 በዞን የከፈለ ነው። መስፈሪያ ያየውን ሁሉ አምስተኛው ዞን ላይ ያስቀምጣል፤ አዳምስ ጨረቃዋን ሰባተኛው ላይ አስቀመጣት። ዳኝነት ማለት ይህን ማድረግ ነው።

«በስፋትና በጊዜ ተቀበል» አለ።

ስፋት ያለው የሌንሱን ቀዳዳ ነው፤ አፐርቸር ይሉታል። ጊዜ ያለው ሹተር የሚባለው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቆይበትን ነው። ከፊትህ ያለው ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው በእነዚህ በሁለቱ ልክ ነው፤ ሦስተኛ መግቢያ የለውም።

ምነው ኤፍ የሚባለው የቀዳዳው ቁጥር ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል ቢሉ፤ ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ወርድ ተካፍሎ የሚወጣ ስለሆነ ነው። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ላይ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ይሆናል፥ በኤፍ 4 ላይ 12.5። ወርዱ በግማሽ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ቁጥሮቹ 2፥ 2.8፥ 4፥ 5.6፥ 8፥ 11፥ 16 እያሉ የሚራመዱት በያንዳንዱ ርምጃ ብርሃኑ በግማሽ እንዲቀንስ ነው።

አንድም ስፋትና ጊዜ በልክ ቢተካኩም በሥራ አይተካኩም ሲል ነው። ኤፍ 8 በ1/250፥ ኤፍ 4 በ1/1000፥ ኤፍ 16 በ1/60 ለሴንሰሩ የሚሰጡት ብርሃን እኩል ነው፤ ሥዕሉ ግን ሦስት ሥዕል ነው። በኤፍ 4 ከዲያቆኑ በስተኋላ ያለው ሕዝብ ይደበዝዛል፥ በኤፍ 16 ከነፊቱ ይለያል። በጎንደር ጥምቀተ ባሕር ውኃው ሲረጭ 1/1000 ጠብታውን በአየር ላይ ያቆመዋል፥ 1/60 ወደ መስመር ይስበዋል። ወረብ ላይ ደግሞ መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ እንቅስቃሴው እንዲታይ የፈለገ 1/30ን ይወዳል። «ልኩ ስንት ነው» ብሎ ቁጥር ብቻ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚታጣለት ስለዚህ ነው፤ አስቀድሞ ምን እንዲቆም፥ ምን እንዲሄድ፥ ምን እንዲጠራ፥ ምን እንዲደበዝዝ እንደሚሻ መናገር አለበት።

ለጠራ ፀሐይ ግን የድሮ ሰዎች ያቆዩት ቁጥር አለ። ቀዳዳው ኤፍ 16፥ ጊዜው ቀጥሎ የምንፈታው የአይኤስኦ ቁጥር ተገላቢጦሽ፤ አይኤስኦ 100 ላይ 1/100። ይህ ከኤፍ 8 በ1/400 ጋር እኩል ነው። ጥር 11 ቀን ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ይህን ቁጥር ከካሜራው መስፈሪያ አስበልጬ አምነዋለሁ። የሚያርፈው ብርሃን ነጠላ ላይም ከፈይ ላይም ያው ነውና።

«ያልተቀበልኸውን አታጉላ» አለ።

አይኤስኦን ነው። አይኤስኦ ብርሃን አያስገባም፤ የገባውን ያጎላል። የደከመ ሰባኪ ድምፅ ማጉያው ቢጨመርለት ቃሉ ከነሳሉ፥ ከነነፋሱ፥ ከነጓጓታው አብሮ ይጎላል እንጂ ያልተናገረውን አይናገርም፤ የአይኤስኦም ነገር እንዲሁ ነው።

ሐተታ። ብርሃን ፎቶን በሚባል በተቆጠረ መጠን ይመጣል፤ አመጣጡም ወጥ አይደለም። የሴንሰሩ አንዱ ነጥብ ጥቂት ይጎድልበታል፥ ጎረቤቱ ጥቂት ይተርፈዋል። ይህ መዋዠቅ የቁጥሩ ካሬ ሥር ያህል ነው። 10,000 ፎቶን የደረሰው ነጥብ በ100 ያህል ይዋዥቃል፥ ይህም 1 በመቶ ስለሆነ ዓይን አያየውም። 100 ፎቶን ብቻ የደረሰው በ10 ይዋዥቃል፥ 10 በመቶ ነው፤ ይህ ይታያል። በጨለማ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የሚቆረቁረው ኖይዝ ዋና ምንጩ ይህ ነው። «አይኤስኦ ሲጨምር ኖይዝ ይመጣል» ይባላል፤ ኖይዙን ያመጣው የብርሃኑ ማነስ ነው፥ አይኤስኦው ገለጠው እንጂ። ከዚህ ሌላ አይኤስኦ እጥፍ በሆነ ቁጥር በነጩ በኩል አንድ ስቶፕ ያህል ቦታ ይወሰድብሃል፤ ስለዚህ በቀን ብርሃን ዝቅ አድርገህ ያዘው።

እንዲህ ከሆነ አይኤስኦ ፈጽሞ አይነካ ማለቱ ነውን ቢሉ፤ አይደለም። አስቀድመህ በስፋትም በጊዜም የምትችለውን ሁሉ ተቀበል፥ የጎደለውን ከዚያ በኋላ አጉላ ሲል ነው። በላሊበላ በገና ሌሊት በጧፍ ብርሃን ብቻ የቆመን ሰው የሚያነሣ፥ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 1.8 ከፍቶ፥ ጊዜውን ፊት እስከማይወዛወዝበት 1/125 አርዝሞ፥ ከዚያ በኋላ አይኤስኦውን 3200 ወይም 6400 ቢያደርስ ትክክል ነው። ኖይዝ ያለበት ፊት በኮምፒውተር ይለሰልሳል፤ በመወዛወዝ የጠፋ ዓይን በምንም አይመለስም። አይኤስኦ ተፈርቶ በ1/15 የተነሣና የደበዘዘ የሠርግ ፎቶ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ያ ቀን ሁለተኛ አይነሣም።

«ነጩ አይሙትብህ» አለ።

የሴንሰሩ ነጥብ የሚይዘው ብርሃን ወሰን አለው። ወሰኑ ሞልቶ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚመጣው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ በጄፔግ 255፥ ሮው በሚባለው ገና ባልተስተካከለ የ14 ቢት ፋይል 16,383። ከዚያ ወዲያ በነጭና በነጭ መካከል ልዩነት የለም።

ይህን በነጠላ ላይ ማየት ይቻላል። ምስሉን በካሜራው መስኮት አጉልተህ የትከሻውን እጥፋት ፈልግ። ልክ በሆነው ፎቶ ላይ ድሩና ማጉ ይለያል፤ ከእጥፋቱ ሥር የሰማዩን ሰማያዊ የተቀበለ ስስ ጥላ ይታያል፤ ጥለቱ ከነጩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ነጩ በሞተበት ላይ ድር የለም፥ ማግ የለም፤ የጥለቱ ቀለም ከጠርዙ ጀምሮ ይሳሳል፥ ትከሻው ከሰማዩ ጋር አንድ ይሆናል። ፎቶ አንሺዎች «ተቃጥሏል» የሚሉት ይህን ነው። ኮምፒውተር ላይ ቢያጨልሙት ግራጫ ንጣፍ ይወጣዋል እንጂ ክር አይወጣውም።

በዚህ ላይ ሁለት ቤት አለ። ፊልም ቤት «ለጥላው አንሣ፥ ለነጩ እጠብ» ይላሉ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ቀስ እያለ ነው የሚሞላው፥ በጣም ቢበዛበትም ጥቂት ልዩነት ይይዛል፤ ብርሃን ያልደረሰው ጥላ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ዲጂታል ቤት «ለነጩ አንሣ፥ ጥላውን ኋላ አውጣ» ይላሉ። ሴንሰር በነጩ በኩል ድንገት ይቆማል፥ በጥላው በኩል ግን ዓይን የማያየውን ብዙ ነገር ይዞ ይገኛልና። ቤቶቹ የተጣሉ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን ብርሃን ተቀባዩ በሚሞትበት ጫፍ በኩል ተጠንቀቅ ነው የሚሉት። በስላይድ ፊልም የሠሩ ቀደምት የዲጂታልን ሥርዐት አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ስላይድም በነጭ በኩል አይምርም።

ከዲጂታል ቤት ወገን ሌላ ትርጓሜ ወጣ። ማይክል ራይክማን የተባለ ጸሐፊ ከፎቶሾፕ ፈጣሪዎች አንዱ ከሆነው ከቶማስ ኖል ጋር ተነጋግሮ በ2003 እ.ኤ.አ. «ወደ ቀኝ አንሣ» የሚል ምክር አወጣ። ቀኝ ያለው የሂስቶግራሙን ቀኝ ነው። ሂስቶግራም በግራው ጥቁሩን፥ በቀኙ ነጩን ይዞ ምን ያህል ነጥብ በየትኛው የብርሃን ደረጃ እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ክምሩ ቀኙን ግድግዳ ሳይነካ የቻለውን ያህል ይጠጋ ማለቱ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፥ ሴንሰር ብርሃንን የሚቆጥረው በቀጥታ ስለሆነ ከፍተኛው ስቶፕ ብቻውን የደረጃዎቹን ግማሽ ይወስዳል አለ። በ14 ቢት ሮው የመጀመሪያው ስቶፕ 8,192 ደረጃ አለው፥ ሁለተኛው 4,096፥ እንዲህ እየተገመሰ ስድስተኛው 256 ብቻ ይቀረዋል። በኋላ የመጡት ምክሩን ተቀብለው ምክንያቱን አቀኑት፤ ጥቅሙ የደረጃው መብዛት ሳይሆን የፎቶኑ መብዛት ነው አሉ። እኔም የማጸናው የኋለኛውን ነው፤ ከላይ ስለ 10,000ና ስለ 100 ከተናገርነው ጋር ይስማማልና።

አንድም «ነጩ» ያለው ቀለሙን ሁሉ ነው። ሴንሰር ቀለም የሚለየው በላዩ በተነጠፈ ማጣሪያ ነው። የኮዳክ ባለሙያ የነበረው ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ አነጣጠፍ ግማሹን ነጥብ ለአረንጓዴ፥ ሩቡን ለቀይ፥ ሩቡን ለሰማያዊ ይሰጣል። ታቦቱን ያጀበው የቀይ ከፈይ ጃንጥላ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ብቻውን ሞልቶ ሌሎቹ ገና ሊሆኑ ይችላሉ። አጠቃላዩ ሂስቶግራም ምንም አልሆነም ይላል፤ ከፈዩ ግን ወዙንና እጥፋቱን አጥቶ የተቀባ ወረቀት ይመስላል። ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም መክፈት የሚገባው ስለዚህ ነው። ሂስቶግራሙ በካሜራው ከተሠራው ጄፔግ የሚወጣ መሆኑንም እወቅ፤ ሮው የምታነሣ ከሆነ ከሚያሳይህ ጥቂት የሚተርፍ ቦታ ሊኖርህ ይችላል።

እንግዲህ ማንኛውም ነጭ አይሙት ማለቱ ነውን ቢሉ፤ አይደለም። የፀሐይዋን ክብ፥ የጧፉን ነበልባል እምብርት፥ በጸናጽል ላይ ብልጭ የሚለውን ነጸብራቅ አድናለሁ ብለህ ፍሬሙን በሙሉ አታጨልም። እነዚህ ክር የላቸውም፤ ቢሞቱ የሚጎድል የለም።

«ጥቁሩም አይዋረድብህ» አለ።

ጥላውን ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ የወረደ ነውና ቀትር ካልሆነ ጣሪያው በፀሐይ፥ እግሩ በጥላ ነው። ለጣሪያው ብቻ የሰፈረ ከታች በሩ ላይ የቆመውን መነኩሴ ያጣዋል፤ ኋላ ላውጣው ቢልም የሚወጣው ፎቶን ያነሰበት፥ በቀይና በአረንጓዴ ነጠብጣብ የተበላሸ ጥላ ነው።

አንድም «ጥቁር» ያለው የሰውን መልክ ነው። ንባቡን ሳስር በልቤ የነበረው ይህኛው ነው። ታሪክ። ኮዳክ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለፎቶ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም ሸርሊ ተባለ። የእሷ ቆዳ አምሮ ከወጣ ኅትመቱ ልክ ነው ይባል ነበር። ጥቁር ልጅና ነጭ ልጅ በአንድ የክፍል ፎቶ ሲቆሙ ከጥቁሩ ልጅ ዓይንና ጥርሱ ብቻ ወጥቶ ይቀር ነበር። በካናዳ የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሎርና ሮት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት እንደተረከችው፥ ኮዳክን ስለ ቡናማ ቀለማት እንዲያስብ የገፋፉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው፤ የቸኮሌታችን ዓይነት፥ የእንጨታችን መልክ በፎቶ አይለይም ብለው አማረሩ። የእናቶችና የልጆች ፊት ለዓመታት ያላስነሣውን ጥያቄ ቸኮሌት አስነሣው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያመኛል።

ያ የፊልም ዘመን ነው፥ ዛሬ ቀርቷል ቢሉ፤ ሴንሰሩ ራሱ ለማንም አያዳላም፥ ይቆጥራል። ነገር ግን የተቆጠረውን ወደ ሥዕል የሚለውጠው ስሌት የሰው ሥራ ነው። ጉግል በ2021 እ.ኤ.አ. ከፒክስል 6 ስልክ ጋር ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የተስተካከለ አሠራር ሪል ቶን ብሎ ማውጣቱ፥ እስከዚያ ድረስ የጎደለ ነገር እንደነበረ ምስክር ነው።

በቁጥር እንየው። ነጠላው ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶ ቢመልስ፥ ጠይሙ ፊት 10 በመቶ ቢመልስ፥ በአንድ ብርሃን ሥር ሳሉ ልዩነታቸው ስምንት እጥፍ፥ ማለት 3 ስቶፕ ነው። ነጠላው በራስ ላይ ተጣጥፎ ፊቱን ቢያጠላው ሁለት ወይም ሦስት ስቶፕ ይጨመራል። ስድስት ሆነ እንበል። የዛሬ ትልልቅ ሴንሰሮች በዝቅተኛ አይኤስኦ 12 ስቶፕና ከዚያም በላይ ይይዛሉ። እንግዲህ ነጠላውም ፊቱም በአንድ ፎቶ ይገባሉ፤ ቦታው አለ። በየሠርጉና በየበዓሉ ፎቶ ፊታችን እየጠቆረ የሚወጣው መሣሪያው ስላልቻለ አይደለም፥ አንሺው ለካሜራው አማካይ ስለታዘዘ ነው።

«ፊትን አስቀድም» አለ።

ነጩ አይሙት ካለ በኋላ ፊትን አስቀድም ይላል፤ ሁለቱ ቢጋጩስ ቢሉ፤ ቢጋጩ ፊት ይበልጣል። የነጠላው ጫፍ በትከሻ በኩል ጥቂት ቢቃጠል ይሻላል፥ ዓይን ጨልሞ ከሚቀር። አንድም ከመስፈርህ በፊት ፊቱን ብርሃን ወዳለበት አምጣው ሲል ነው። በቀትር ፀሐይ ከግንባር በላይ ስለምትሆን የቅንድብ አጥንት ዓይንን ያጠላዋል። ሰውዬውን ወደ ዛፍ ወይም ወደ ጃንጥላ ጥላ ብታስገባው ነጠላውም ፊቱም በአንድ ጥላ ይሆናሉ፥ ስድስቱ ስቶፕ ወደ ሦስት ይመለሳል። ወይም ከፊቱ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ይኑር። ነጠላው ራሱ ከአገጭ ሥር ደረት ላይ ሰፋ ብሎ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ ፊት መልሶ ይረጫል፤ ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛውን አንጸባራቂ እናቶቻችን ለብሰውት ይዞራሉ። «እማማ፥ ነጠላዎን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ ያድርጉት» ማለት ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል።

አንድም ልኬቱን ከፊት ጀምር ሲል ነው። አንዲት ነጥብ የሚያየውን መስፈሪያ ፀሐይ ባላነጸባረቀበት ጉንጭ ላይ አሳርፍ። መስፈሪያው ያን ጉንጭ አማካይ ሊያደርገው ይፈልጋልና አንድ ስቶፕ ያህል ቀንስለት፤ ፊቱ የራሱን ጠይምነት ይዞ ይወጣል፥ ነጠላውም ይተርፋል። በስልክ የሚያነሣ ሰው ጣቱን በፊቱ ላይ ያሳርፍና የፀሐይ ምልክት ሲወጣለት፥ የነጠላው እጥፋት እስኪመለስ ድረስ በጥቂቱ ወደ ታች ይሳበው። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ በአንድ ጫና ብዙ ፍሬም አንሥተው ያዋሕዳሉ፤ አንዳንዶቹም ነጩ እንዳይሞት እያንዳንዱን አጨልመው ያነሡና ጥላውን ከብዛታቸው ያወጡታል። የዲጂታል ቤት ትርጓሜ ሳናውቀው በኪሳችን ገብቷል ማለት ነው።

«ቀሪውን ኋላ እጠብ» አለ።

ሮው አንሣና ኮምፒውተር ላይ አስተካክል ማለቱ ነው። ጄፔግ የተወሰነ ፍርድ ነው፥ ሮው ገና ያልተፈረደ ጉዳይ ነው። አንድም ቀሪውን ብሏልና ዋናውን ኋላ አገኘዋለሁ አትበል ሲል ነው።

ፊትን ኋላ አብራ ማለት አንጣ ማለት ነውን ቢሉ፤ አይደለም፥ በዚህ ብዙ ፎቶ ቤት ይሳሳታል። የጠይም ፊት ቅርጽ የሚታየው በግንባሩ፥ በአፍንጫው ድልድይና በጉንጩ አጥንት ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅና ከርሱ ቀጥሎ ባለው ጥልቅ ቀለም መካከል ነው። ጥላውን ሁሉ ወደ ላይ የገፋ ሰው ይህን ርቀት ያጠፋዋል፤ ፊቱ ይነጣል፥ ግን አመዳም ሆኖ ይተኛል። አማካዩን ግማሽ ስቶፕ ያህል አንሣ፥ ነጸብራቁን እንደነበረ ተው፥ ጥቁሩን ጫፍ ጥቁር አድርገህ መልሰው።

ኅትመት ላይም አንድ ጥንቃቄ አለ። ወረቀት እንደ ስክሪን አያበራም፤ የስክሪንህ ብርሃን ከፍ ብሎ ሳለ ያጠብኸው ፎቶ ሲታተም ጨልሞ ይመጣል። ስለዚህ ስክሪኑን ዝቅ አድርገህ እየው። ፎቶ ቤት ስትሰጥም ማሽኑ በራሱ እንዳያስተካክለው ንገራቸው፤ የኅትመት ማሽኑም አማካይ ፈላጊ ነው፥ አንተ በጥንቃቄ ያኖርኸውን ፊት ወደ ግራጫው ይመልሰዋል። መጀመሪያ አንዱን ብቻ አሳትመህ ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን ተመልከተው፤ የነጠላው እጥፋትና የዓይኑ ጥቁር ሁለቱም ከታዩ ሌሎቹን በዚያው ልክ አሳትም።